ሚኒሞ

ቀይ መብራት ላይ ስቆም ይንቀጠቀጣል፣
ድምፁን ውጦ እንደሚያለቅስ ሰው ትከሻው ይናጣል።
መስታወቱ ይንጫጫል፤ መሪው እጄን ይነዝራል።
ስሄድ ግን ደህና ነው። ስሄድ ምንም የለው።
መቆም ነው ያቃተው።

ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። አንዱ ካንዴላ ቀየረ፤
አንዱ ካርቡራቶር አጠበ፣ ጂግለሩን በአፉ ነፋ፣
አራት ቪቴ ፈትቶ ሦስቱን አሰረ።
ሦስተኛው ብልጥ ነው፤ የሚኒሞዋን ቪቴ ጠምዘዝ አርጎ
«ተሠራ!» አለኝ፣ ብሩን ፈልጎ።
እውነትም ተሠራ፤ ሳምንት ሙሉ ጮኾ ዋለ፣
ቤንዚን እንደ ውሃ እየጠጣ። ከዚያ ደግሞ ሳለ።

ጋሽ ሸምሱን የጠቆመኝ ጎሚስታው ነው፦
«በአሰላ መውጫ፣ ግራሯ ሥር፣ ቆርቆሮ አጥር ያለው።
ግራ ጆሮው አይሰማም፤ በቀኙ አናግሪው።»

ኮፈኑን ወዲያው አልከፈተም።
መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ ጣለ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።
«አጥፊው» አለ። «አስነሺው» አለ።
ከዚያ የካንዴላ ገመዶቹን በጨርቅ ይዞ
አንድ በአንድ እየነቀለ መለሰ፤
አንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ወረደ፣ ሁለተኛው ሲነቀል አነከሰ፣
ሦስተኛውም አራተኛውም እንደዚያው።
«አራቱም ይሠራሉ» አለ፣ «እነሱን አትውቀሻቸው።»

ነፋሱ የዚያን ቀን አዳማን እንደ ምንጣፍ ያራግፋት ነበር፤
አቧራው በጥርሳችን መሃል ይንኮሻኮሻል።
ከኮረብታው አናት እነዚያ ነጫጭ ክንፎች ብቻ
ሳይቸኩሉ ይዞራሉ፣
ሚኒሞአቸው ልክ ነው።

አንድ ክንድ የላስቲክ ቱቦ ከቱታው ኪስ አወጣ፣
አንዱን ጫፍ ደህናው ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ወደ ሞተሩ አመጣ።
እንደ ሐኪም ነው ልል ነበር፤
የአባቴ ሐኪም ግን እንዲህ አልቆየም።
ከጓርኒሲዮኑ ዙሪያ፣ ከካርቡራቶሩ ግርጌ፣
በዝግታ፣ በዝግታ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ቆመ።
«ነይ ስሚ» ብሎ ቱቦውን ሰጠኝ።
ስስስ ይላል።
ሰው ሕመሙን ሲደብቅ በጥርሱ መሃል እንደሚስበው አየር።
እዚያ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤
ሞተሩ ቀና አለ። የመስታወቱ ጫጫታ አረፈ።

ከጣቱ ሥር አንዲት ቀጭን ቱቦ፣ ከእርጅና የተሰነጠቀች፤
ስንጥቋ ላይ ሦስት ዙር የተጠመጠመ የጸጉር ላስቲክ፣
ወይን ጠጅ የነበረ፣
የፕላስቲክ ቢራቢሮ ያለበት፣ ክንፏ የተሰበረ።

አውቃታለሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ጠፍታብኝ
የእህቴን ጸጉር ነጭቼ ተገርፌባታለሁ።
አባቴም አብሮኝ ፈልጓል፣
አልጋ ሥር ተንበርክኮ፣ ባትሪ አብርቶ።

«ይሄን ያሰረው ሰው ያውቃል» አለ ጋሽ ሸምሱ፣
«ለዛሬ መንገድ ነው ያሰረው፤ ነገ እቀይራለሁ ብሎ።
ላስቲኩ ሲላላ ቪቴውን እያጠበቀ፣
በጩኸት ሸፈነው።
የሚሮጥ መኪና ምስጢር አያወጣም፤ መቆም ነው የሚያጋልጠው።»

ከሞጆ ወለንጪቲ፣ ከወለንጪቲ ሶደሬ፤
ደረቱን ይዞ ሲያስል፣
«ሐኪም ቤት ነገ፤ አይሆንም ዛሬ።»

ላስቲኳን ልፈታት ስል በጣቴ መሃል ተፈረፈረች፤
ቢራቢሮዋ ብቻ ቀረች።

አዲሱ ቱቦ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው።
ገጠመው። ከዚያ ሁሉም ሲያጠብቋት የኖሩትን ቪቴ
ወደ ኋላ አላላት። ሩብ ዙር።
የፊልትሮው ክዳን ላይ ብርጭቆ ውሃ አኖረ፤
ውሃው ክብ ክብ ሠራ። ሩብ ዙር። ክቡ ጠበበ።
ደግሞ ትንሽ፣ የጥፍር ያህል፤
ውሃው ዝም አለ፣
ግራሯም ቅጠል በቅጠል ገባችበት።

ብሎን የሚለቅመው ልጅ ቀና ብሎ
«ጠፋ እንዴ?» አለ።
ጋሽ ሸምሱ በደህና ጆሮው በኩል ነበር፤ ሰማው።
«አልጠፋም» አለ።
«ቆሞ ነው።»