ሁለት ቃለ አጋኖ

ቱርኩ ከተማ፣ የካቲት። አውራ የሚሉት ወንዝ ረግቶ፣
ጀልባው ሁሉ እንደ ድንጋይ በየዳሩ ተጎልቶ፣
እኛ አምስታችን ምድር ቤት፣ ከማሽኖቹ ጉምጉምታ ሥር
ስለ ስም እንከራከራለን፤ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ሲቀር።

ጉዳዩ ይህ ነው፣ አትሳቁ፦
የዜና ሰርቨር ከሌላው ሰርቨር ወሬ ሊቀበል፣
«ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው ያኛው ምን ይበል?

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ፤
ከተባለው የተሰረዘው ይበዛል በመዝገቤ።

ደንቡ ሲጀመር ቀላል ነበር።
መልእክት በደጅህ ሲያልፍ ስምህን ከፊቱ ጻፍ፤
ካንተ ቀድሞ የተጻፈውን አትንካ፣ አትግፈፍ።
በስምና በስም መካከል አንዲት ቃለ አጋኖ ትቁም፤
ጩኸት አይደለችም እዚህ፣ መደነቅም አይደለችም፤
«በኔ በኩል አልፏል» ከማለት ሌላ የምትለው የላትም።
እንዲህ እያለ መስመሩ ወደ ግራ ይረዝማል፤
ከጅራቱ ጫፍ ላይ ግን አንድ የቆየ ሐረግ ይቀራል፦
«ለደብዳቤ አይደለም»።
ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም።

ቀላል ነበር አልኩ። ኦስሞ ግን እርሳሱን ከጥርሱ አወጣ፣
(ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ክርኑ በሹራቡ ቀዳዳ የወጣ)
«ስሙን የሚነግረን እሱ ራሱ ከሆነ፣
ሌባም ሲጠየቅ እኮ የጎረቤቱን ስም ነው የሚሰጠን።»

ራይሊ አልሳቀችም።
ሃውካ የምትባል ማሽን ነበረቻት፤ ጭልፊት ማለት ነው በቋንቋችን።
በዚያች ስም ተከልሎ፣ ከየት እንደተነሳ ያልታወቀ
የአንድ ሰው መርዶ ባሕር ተሻግሮ ዘለቀ።
ሰውየው ራውማ ላይ ዓሣ በጭስ ያደርቅ ነበር፤
እህቱ ከሉሌኦ ለራይሊ ደውላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደር።
«ሃውካ አልላከችም» ብትል ማን ይመን?
ስሟ ተጽፏል፤ ቃለ አጋኖዋም አብሮ፣ ቀጥ ብሎ።

«እንግዲያው ይደገም» አለች ራይሊ።
የመጣበትን በር አይተን ስሙ እውነት ሲሆን፣ ሁለት ይሁን።
ካልሆነ ደግሞ «አልገጠመም» ተብሎ ይጻፍ፤ ሐፍረቱ አይሸፈን።

ይህን ሁሉም ተቀበለ።
ሰባት ወር የፈጀው ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ ቃል፦
«የግድ» ይባል ወይስ «ይገባል»?
ዴትሌፍ ከኤርላንገን በባቡርና በመርከብ መጥቶ
«አሮጌ ማሽን አለ» አለን፣ «ደካማ ማሽን አለ፤
‹ይገባል› ብንል ይበቃል።»
ራይሊ «የግድ!» አለች። ዳቦው ደረቀ።
ኦስሞ ጣራ ጣራውን እያየ፣ «ልክ ነህ ዴትሌፍ» አለ፣ «ይገባል፤
በሩን ገርበብ ካደረግንለት፣ ሌባውም ይገባል።»
«የግድ» ብዬ ጻፍኩ።

በረዶው ከወንዙ ሲለቅ አሥራ ሦስተኛው ረቂቅ ደረሰ።
ኦስሞ አልመጣም።
ሹራቡ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ማን ያንሳው።

ከማተሚያ ክፍል የመጣው ማስታወሻ አጭር ነው፦
መልስ የማይሰጥ አድራሻ ከአዘጋጆቹ ተርታ ይሰረዝ።
ላኩለት፤ ተመለሰብኝ። ደግሜ ላኩ፤ ተመለሰ።
ዴትሌፍ፣ ያ ለደካማ የሚያዝነው፣ መነጽሩን ጠርጎ
«ደንብ ደንብ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ራይሊ፣ ያቺ የ«ግድ» ሴት፣ ወንበሩን አየችና
«ይገባዋል» አለች።
ሌላ አልጨመረችም።

ስሙን ከነአድራሻው ተውኩት።
ከፊቱ ሁለት ቃለ አጋኖ አቆምኩ፤ አይቼዋለሁ፣ እሱ ነው፤
ከኋላው ደግሞ ያቺን የማንም ያልሆነች ሐረግ።

በመስከረም ታትሞ መጣ። ገጹን ፈልጌ ከፈትኩ።
አራሚው የጣት ስህተት መስሎት
ከሁለቱ አንዷን አንስቷታል።
ሌላዋ ቆማለች፣ ብቻዋን።
አልፏል ትላለች።