አጥፍቶ ማብራት

ሰኔ ነው፤ ክረምቱ ፑንታ አሬናስ ገብቷል፣
ነፋሱ ከባሕሩ እንደ አበዳሪ መጥቷል፤
በየመንገዱ ዳር ገመድ ተወጥሯል፣
ሰው እሱን ጨብጦ ወደ ቤቱ ያዘግማል።
እኔ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሱፍ ላኪዎች ቢሮ፣
አርባ አንድ ስልክ አለብኝ፣ አርባ አንድ ደንቆሮ።

ትናንት መብራት ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ተመለሰ፤
ራውተሩ ተነሣ፣ ስልኩ ግን እንዳቀረቀረ አልተነፈሰ።
ዶና ሚርታ ከሒሳብ ክፍል፣ እጀታውን እንደ ሕፃን አቅፋ፣
«የርካ፣ ይኸው ሞተ» አለችኝ፣ እኔን እንደ ገዳይ አኩርፋ።
«አልሞተም» አልኳት፤ «ስሙን ነው የረሳው፣
ሰርቨሩ ነው አላውቅህም ብሎ የነሳው።»

ሥራው እንዲህ ነው፦
ገመዱን መንቀል፣ እስከ ሠላሳ መቁጠር፣
እንደ ሃያ ስምንት የሚረዝም ቁጥር የለም በምድር፤
መልሶ መሰካት፤ መሰላሏን ተጭኖ መያዝ፣
ብርቱካናማው መብራት ብልጭ እስኪል፣ ጣት እስኪደነዝዝ።
ከዚያ አረንጓዴ። ከዚያ «ቋንቋ ይምረጡ» ይላል፣
ከካርቶኑ እንደወጣ ዕለት በዓለሙ ይገረማል፤
የዘጠኝ ዓመት ጭቅጭቅ፣ የበግ ጠጉር ዋጋ፣
ያመለጠ ጥሪ፣ የተቀዳ ለቅሶ፣ ሁሉም ይጠረጋል ሳይነጋ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ፤
እንዲህ ባለ ጥፋት ደመወዝ እበላለሁ።
በቤቴ ግን አጥፍቼ፣ ሦስት መቶ ብቆጥርም፣
እኅቴ ዳኒትዛ እስከ ዛሬ አልበራችም።

ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ቆምኩ።
የዶን ኤሌውቴሪዮ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ፣
ትራሱ እንደሰረጎደ ነው፣ መነጽሩም በመሳቢያው ውስጥ ከነቤቱ።
ስልኩን ሳጠፋው የስም ዝርዝሩ ረገፈ፤
ከቁልፎቹ ጎን ግን፣ ከላስቲኩ ሥር፣ በእርሳስ የተጻፈ
ወረቀት ቀርቷል፦
«ወደቡ»። «መዛኙ»። «ማርጎት፣ ከምሳ በኋላ ብቻ»።
ከሁሉም በታች፣ ሁለቴ ተሠምሮበት፣ «አታንሣ»።
መሣሪያው የረሳውን ወረቀቱ መች ረሳ!

ሲነጋጋ ጠራ። እጄ እጀታው ላይ ደረሰ፣
ያችን ቃል አይቶ ተመለሰ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ከዚያ የመሣሪያው ድምፅ ገባ፣ ለስላሳ እንግዳ ሴት፦
«ባለቤቱ የሉም፤ መልእክት ይተዉ።»
ማዶ አንድ ሰው ተንፍሶ ዘጋው።

ዶና ሚርታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገባች፣
«ስንት ጊዜ ጠራ?» ብላ ጠየቀች።
«አራት።» «ደግ፤ እንግዲያው ጀልባው ይሻገራል፣
ሴፈሪኖ ከፖርቬኒር ወደብ ነፋሱን በጥሪ ይቆጥራል፤
ካነሣነው ይከፍላል፣ ስለዚህ አናነሣም፤
ዐሥራ ስድስት ዓመት፣ አንድም ማለዳ ስቶ አያውቅም።»

መስኮቱን አየሁት፤ መስታወቱ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤
ከታች አንድ ሰው ገመዱን ይዞ፣ የሚበር ባርኔጣውን በዓይኑ ይሸኛል።
አራት አይደለም ይሄ።
ፋብሪካው ነው ከአራት ጥሪ ወዲያ ትዕግሥት ያልሰጠው፤
ዶን ኤሌውቴሪዮ ነበር ያንን ጠባዩን ያስተወው፤
እኔ መለስኩበት፣ በአንዲት ጣት፣ በመሰላል።
አጠፋሁ፤ በሌላኛው ፍቺ።

ወደ ማዶ ደወልኩ። «ማነው?» አለ ጎርናና ድምፅ።
«የስልክ ሠራተኛዋ ነኝ። ስንት ሊሉ ነበር? እባክዎ ይንገሩኝ።»
«ስምንት ነዋ! ያቺ ሴትዮ ማናት በአራት ያቋረጠችኝ?
ደግሞስ አሁን ይህን ሁሉ ወሬ ማን ሊከፍልልኝ?»

ጀልባው ታሰረ። እኔም አርባውን እንደ ፋብሪካው ተውኩ፤
ዐሥራ ሰባተኛውን ግን «መቼም አትመልስ» ብዬ አዘዝኩ።
ከወረቀቱም ላይ፣ በእርሳስ፣ ከ«አታንሣ» ሥር፣ አንዲት ቃል ጨመርኩ፦
«ቁጠር»።