ፍሬን የሌለው

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣
ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
አንድ ገበቴ አለ፣ የሲሚንቶ ገበቴ፤
ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ገባሁ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ጉልበቴን በሻሽ ጠቅልዬ፣ ሄልሜት ተውሼ፣
ከዐሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ኋላ፣ አንደኛ ክፍል ተመልሼ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ።
ፍሬን ማለት እኔ ነኝ፤ በየፌርማታው ቆሜያለሁ።
ለእርጉዝ፣ ለሽማግሌ፣ ለበግ፣ ለለቅሶ ድንኳን፣
እጁን ያነሣ ሰው አላለፍኩም፣ እስከ በሩ ሞልቼም ቢሆን።
ቀኝ እግሬ ዛሬም በእንቅልፌ አንሶላውን ይረግጣል፤
ሚስቴ ትነቃና «ደግሞ ማን ገባብህ?» ትላለች፤ ሳቋ ያመልጣታል።

አሰልጣኟ ሌሊሴ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች።
ብስክሌቱን በአንድ ጣት ይዛ፣ «ጋሽ ደምሰው፣ ይስሙኝ» ትላለች፤
«ይሄ ፍሬን የለውም።
ማርሽም የለውም።
ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርዎ አያርፍም።
እዚያ ላይ፣ ጋደል ያለው ጋ፣ ቀስ ካሉ ይንሸራተታሉ፤
ከፈጠኑ ግን ይቆማሉ።»

ከፈጠኑ ይቆማሉ!
ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ «ወራጅ አለ፣ ይቁም!» ሲሉ፤
እንዲህ አገላብጦ ያሳየኝ ግን የለም።
እኔ ያደግሁት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ነው፤
እዚህ ቀስ ያለ እንቁላል ቁልቁል ተንከባሎ ነው የሚሰበረው።

የመጀመሪያው ዙር።
ታች፣ ሜዳው ላይ፣ ደህና ሄድኩ።
ኩርባው እንደ ግድግዳ ቀና ብሎ ሲመጣ ግን
እግሬ የለመደውን አደረገ፤ ቆመ።
ጎማው አልሰማም።
እግሬን ይዞት ዞረ፣ እኔን ከወንበሬ ነቅሎ ወረወረኝ፤
ክርኔ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተተረተረ፣ ሰማዩ ከሥሬ መጣ መሰለኝ።

መካኒኩ ጎይቶም ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ሳይቸኩል ደረሰ።
መጀመሪያ ብስክሌቱን አነሣ፤ ሰንሰለቱን ዳሰሰ።
«ደህና ነው» አለ።
ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አራት ሰዓት ላይ ውድድር ነበር።
ሕጉ አጭር ነው፦ በየሁለት ዙሩ ፊሽካ ይነፋል፣
መጨረሻ የመጣ ይወጣል።
(በእኔ አውቶቡስ ከኋላ ያለ ነበር የሚቀመጠው።)
አርሴማ የምትባል አለች፣ እናቷ እዚያው ብሎኬት የምታመርት፣
ካልሲዋ የተለያየ፣ አንዱ የወንድሟ።
አሁን ወጣች ስል፣ መስመሩ ላይ በግማሽ ጎማ ትተርፋለች።
አንድ ፊሽካ። ሦስት ፊሽካ። ስድስት።
እኔ አጥሩን ይዤ፣ ቀኝ እግሬ አፈሩን እየቆፈረ፣
የሌለ ፍሬን እየፈለገ።

ሰባተኛው ላይ ወጣች።
አላለቀሰችም። ውኃ ጠጣች፣ ካልሲዋን ወደ ላይ ሳበች፣
«ጋሼ፣ እርስዎም ይነዳሉ እንዴ?» አለችኝ።
ሠላሳ አንዱ ዓመት አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።
«ገና ነኝ» አልኳት።

አምስተኛው ቅዳሜ፣ ሌሊት የዘነበው ደርቆ፣
ሌሊሴ ከመሀል ሜዳ «አይዩት! አይዩት! ይግፉ!» ስትለኝ፣
ወደ ላይ ወጣሁ።
ሲሚንቶው ጎኑን ሰጠኝ፣ ነፋሱ ጆሮዬን ዘጋ፣
እውነትም፣ አጋድሜ ቆምኩ።

ከዚያ ከፍታ፣ ከአጥሩ በላይ፣ ለአንድ ትንፋሽ መንገዱ ይታያል።
ፌርማታው ይታያል። ታርጋዬን ያህል የማውቀው ፌርማታ።
አንዲት ሴት፣ ጎመን በፌስታል ይዛ፣ እጇን አነሣች።
ለሚኒባስ ይሆናል፣ ለባጃጅ ይሆናል፤
ቀኝ እግሬ ግን ለእኔ ነው ብሎ ደነገጠ።
ገፋሁት።

ዞሬ ስመጣ አሁንም አለች፤ ፌስታሉን ወደ ግራ እጇ አዛውራለች።
እህቴ፣ ይቅርታሽን።
ሦስት ጊዜ አለፍኩሽ፣
ለመቆም ብዬ።