አርባ አንድ ሰከንድ

ላፕቶፓችን አንድ ነው፣ ልጆቹ ስልሳ ሁለት፤
እሱም ክፍተት ሰጪው ቁልፉ የሞተበት።
"ውርጭናገብስ" ብሎ ደርብ ርዕሱን ጻፈና
"ቲቸር" አለኝ ስቆ፣ "እንደ በጎች ናቸው፣
ተጠጋግተው ተኙ ሌሊቱ ሲበርዳቸው።"
መሐል ሜዳ ላይ ነን፤ በጥቅምት ማለዳ
ቃል ቢንቀጠቀጥ ምኑ ነው እንግዳ?

የሰጠኋቸው ሥራ፦ ጠይቁ፣ ለኩ፣ ቅረጹ፣
ፎቶ አንሡ፤ ከመጽሐፍ ብቻ አትገልብጡ፤
የሰማችሁትን ከነድምፁ አምጡ።
የእንየው አጎት ስልክ፣ ፊቱ የተሰነጠቀ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአጎትየው ራቀ።

በየጠዋቱ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣
ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ከአንድ ካብ ኋላ፣
አንዲት ዛላ ያነሣሉ፣ ያችኑ ዛላ።
ሃያ አንድ ፎቶ።
በዐሥራ አራተኛው ጨው የነሰነሱባት መሰለች።
ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶቿ እያጎነበሱ
እሷ ቀጥ ብላ ቀረች፤
ፍሬ የያዘ ነው አንገቱን የሚደፋ።
የምሥራች ፎቶዎቹን ደርድራ አከታትላ ስትለቃቸው
ገብስ በአራት ሰከንድ ኖሮ ሲሞት አየን።
ሳቅ ለምዶበት የነበረው የኋላ ወንበር
ያን ቀን አልሳቀም።

ለድምፁ ወደ ጋሼ ወንድይፍራው ማሳ ወረዱ።
ደርብ ከወረቀት እያነበበ ጠየቃቸው፦
"ውርጭ እንደሚወርድ በምን ያውቃሉ?"
እሳቸው ዝም አሉ።
ስልኩ ይቆጥራል።
ባናቸውን ሳብ አደረጉ፤
ሩቅ ውሻ ጮኸ፤ የእንየው አፍንጫ ተሰማ፤
ዐይናቸው ደመና በሌለበት ሰማይ ላይ።
በአርባ አንደኛው ሰከንድ
"ነፋሱ ሲተኛ" አሉ፣
"ነፋሱ ሲተኛ፣ ያኔ አልተኛም እኔ።"

ጠቡ የመጣው ኋላ ነው፣ ቅንብሩ ላይ።
"ይህን ላውጣው" አለች የምሥራች፣ "ባዶ ነው፤
የድምፁን መስመር እየው፣ ልሙጥ ነው፣ ምንም የለበት።"
ደርብ ማውዙን ያዘባት፦
"መልሱ እሱ እኮ ነው!
ነፋሱ ተኝቶ እንደሆን እያዳመጡ ነበር።"
ወደ እኔ መጡ።
እኔ ቁረጥ፣ ለጥፍ፣ አስቀምጥ ሳስተምር የኖርኩ፤
መቁረጥ ነው የተማርኩት፣ መተው ማን አስተምሮኝ?
"ነገ እነግራችኋለሁ" አልኩ፣
አስተማሪ ሳያውቅ ሲቀር የሚላትን።
እሷ ነገን አልጠበቀችም። ቆረጠችው።

የማቅረቢያው ቀን፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት፣
ወላጅ ሞላ፤ ከወረዳ ፕሮጀክተር ተለምኖ መጣ፤
ፕሮጀክተሩ በርቶ ርዕሱን ሳያወጣ
መብራት ሄደ።
ላፕቶፑም ያለ ገመድ ነፍስ የለው፣ ተከተለው።
ሃያ አንዱ ፎቶ፣ ቅንብሩ፣ በቀለም ያጌጠው ሰንጠረዥ፣
ሁሉም ከጥቁሩ መስታወት ወዲያ።
የተረፈን ስልኩ ነበር፣ በስድስት ፐርሰንት፣
በውስጡም ያልተቆረጠው።
እንየው እንዲጮኽለት ባዶ የዘይት ጣሳ ውስጥ ከተተው።

ጥያቄው ተሰማ። ከዚያ ዝምታው ገባ።
ርዕሰ መምህሩ ስልኩ የዘጋ መስሏቸው ሰዓታቸውን አዩ።
የምሥራች ከንፈሯን ነከሰች።
ሃያ ሰከንድ። ሠላሳ።
መጀመሪያ አንድ ሰውዬ ቆቡን አወለቀ፤
ቀጥሎ አንዲት ሴት ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ሰጠች።
እኔም ወደ ውጭ አየሁ፦
የግቢው ባሕር ዛፍ አንድ ቅጠል አያነቃንቅም።
"ነፋሱ ሲተኛ" አለ ጣሳው።

ማንም አላጨበጨበም።
አንድ በአንድ ተነሡ፣ ወንበር እንዳይንኳኳ ተጠንቅቀው፣
ከበሩ ሲወጡ ግን እርምጃቸው ሩጫ ሆነ፤
የተረፈውን፣ የደረሰውን፣ ጨለማ ሳይቀድማቸው ሊያጭዱ።
ልጆቹም ተከተሉ። የምሥራች ቀድማ።

እኔ የውጤት ቅጹን ይዤ ቀረሁ፦
ይዘት ከዐሥር፣ ምስል ከዐሥር፣ ድምፅ ከዐሥር።
ከታች አንድ መስመር በእስክሪብቶ አሰመርኩ፤
ምን ብዬ እንደምሰይመው ግን ገና ነኝ።
ብርዱ በመስኮቱ መግባት ጀምሯል።