የዘገየ ሳቅ

ሴቱባል ወደብ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ቤቱ፣
ኦሌጋሪዮ ቁጭ፣ አልፎ እኩለ ሌሊቱ።
ዲስኩ ተጫጭሯል፤ ሳይጠፋብኝ ብሎ
ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠው ቶሎ።

ቅጂው ግን ጉድ ሠራው።
ከንፈር ቀድሞ ሄደ፣ ድምፅ ከኋላ ቀረ፤
ዴኦሊንዳ አፏን ስትዘጋ ቃሏ ጀመረ።
ሳህን ወድቆ ደቅቆ፣ ስብሩ ተጠርጎ ሲወጣ
«ቿ!» የሚለው ጩኸት አሁን ገና መጣ።

ድምፁን ጎተተ፤ መነሻው ሲታረቅ መድረሻው አኮረፈ፤
መድረሻውን ሲያባብል መነሻው ነጎደ፤ ሳምንቱም አለፈ።

ታዴው፣ የጎረቤት ልጅ፣ ብርቱካን እየላጠ አየና፦
«ድምፁ ረዝሟል፤ ያሳጥሩት በጥቂቱ፤
ሳህኗን ይያዙ፣ እሷ ናት ምልክቱ።»

ያዛት። ስብራቷንና ጩኸቷን አንድ ነጥብ ላይ አቆመ፤
ጭብጨባው እጁን አገኘ፣
ብርጭቆው ከብርጭቆ ገጠመ።

አንድ ሳቅ ግን ቀረ።
ወንድሟ ቀልዱን ጨርሶ፣ ገበታው ሁሉ ስቆ ስቆ
ዓይኑን ጠርጎ ዝም ካለ በኋላ
የእሷ መጣ፣ ብቻውን፣ ፈንድቆ።

ማውሱን ጨበጠ፤ ሊቆርጠው፣ ሊያስቀድመው።
ቆመ።

መብራት ከጠፋ ወዲያ፣ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል፣
የእራት ሰዓቱን ቀልድ ገና ያኔ ተረድታ
አልጋው እስኪነቃነቅ የሳቀችባቸው ሌሊቶች!
ስንቴ ትራስ ወርውሮባታል፣
ስንቴ «ነገ ሥራ አለብኝ» ብሏታል።

በማግስቱ ታዴው መጣ፣ ከፍቶ እስከ መጨረሻ አየ፤
«እዚህ ጋ» አለ፣ «አንድ ድምፅ ዘገየ።»
«አውቃለሁ» አለ ሽማግሌው፤
ግማሹን ብርቱካን ተቀበለው።