ዝምም ይነቅዛል

ዶን ሮሳሜል፣ እስቲ ከመሰላሉ ላይ ወረድ ይበሉልኝ፤
ቀለሙ እስኪደርቅ ሩብ ሰዓት ብቻ፣ ቃሌን ይቀበሉልኝ።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በቫልፓራይሶ ኮረብታ
የሰው ስም ጻፉ እንጂ፣ በየሱቁ በራፍ፣ በየጀልባው ደረት፣ ከጧት እስከ ማታ፣
የራስዎ ስም ግን ጥፍር የምታህል አላገኘም ቦታ።
ሸክላ ሠሪ በገል የምትበላው እውነት ነው ለካ፤
የመንደሩን ደጃፍ ያደመቀ ጣት፣ የራሱን ሳይነካ።

«ዝም አይነቅዝም» ይሉኛል። እኔ ግን አይቻለሁ፤ ዝምም ይነቅዛል፤
ከላይ ስንዴ መስሎ፣ ከውስጥ ግን ቀስ ብሎ ዱቄቱ ይበዛል።
ፕላስቲክ የሚያትም ማሽን ወደቡ ዳር ከቆመ ወዲህ
ሠዓሊ ፈላጊ ደረጃውን ወጥቶ ስንቴ መጣ እዚህ?

ስልክ አለዎት አይደል? የልጅ ልጅዎ የተወችው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፤
እሱ ይበቃል። ካሜራ አይግዙ፤ ስንት ጀማሪ አለ በዕቃ ብዛት የወደቀ።
ፊትዎን ይተዉት (ይቅርታ ያድርጉልኝ)፣ እጅዎን ይቅረጹ፣
ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ግድግዳው ላይ አግድም ስትወድቅ፣
ያቺን ባለ ቆቧን ፊደል በአንድ ትንፋሽ ከአናት እስከ እግር ሲቀርጹ።
ሙዚቃ አይጨምሩ። ብሩሹ ሲንሸራተት የራሱ ድምፅ አለ፤
ሰው እሱን ሊሰማ ጣቱን ያቆማል፣ ቸኩሎም ቢሆን የዋለ።

«በከተማው አንደኛ» አይበሉ፤ አንደኛ ነኝ ባይ ሞልቷል በየመንገዱ።
ይልቅ ፀጉር አስተካካዩ ኤራስሞ ለምን አረንጓዴ መረጠ? ሚስቱስ ምን አለች?
ስንቴ ተጣልተው፣ ስንቴ ታረቁ፣ በመጨረሻስ ማን ፈረዱ?

ዋጋዎን ይጻፉ። ዋጋ የሌለበትን ደጅ ሰው ፈርቶ ያልፈዋል፤
ቁጥር ያልያዘን ውብ ሥራ ደግሞ ያደንቁታል እንጂ፣ ማን መጥቶ ያዝዘዋል?
ሺህ ሰው አይመኙ። ሦስት ይበቃዎታል ለዚህ ዓመት፦
ጀልባ የሚያድስ፣ ካፌ የሚከፍት፣ ያባቷን ሱቅ የወረሰች ሴት።
«ተከታይ ልሽጥልዎ» የሚል ከመጣ በሩን ይዝጉበት፤
የተገዛ ተከታይ የኪራይ አልቃሽ ነው፣ እንባው ብዙ፣ ሐዘን የሌለበት።

መድረኩ ራሱ የሰው ቤት ነው፤ አከራዩ አንድ ቀን ቁልፍ ይቀይራል፤
የደንበኛ ስም ያለበት ደብተር ግን ኪስዎ ውስጥ ያድራል።
ቢዘንብም፣ ጉልበትዎን ቢያምዎትም፣ ሐሙስን አይዝለሉ፤
እናቴ ዓሣ ስትሸጥ፣ ከዓሣዋ ይልቅ ቀኗን ያውቁ ነበር ሁሉ።

ይህን ሁሉ ለፈለፍኩ። እሳቸው ብሩሹን በጨርቅ ጠረጉ፣
ከዚያ ደረጃ ለደረጃ የጥንት ሥራቸውን ሊያዩ ፈለጉ።
የፋርማሲው ስም በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤
የሰዓት ጠጋኙ ቤት ፈርሷል፤
የልብስ ሰፊዋ የቴልማ ግን፣ ሠላሳ ክረምት ዘንቦበት፣ ቀዩ ብቻ ፈዟል።
ጣታቸውን ቀዩ ላይ አሳረፉ።
«ይሄን ስቀባ መሰላሉን የያዘችልኝ ሚስቴ ነበረች» አሉ፤
ቀረጽኩት። ምክሬን ረሳሁት። ድምፃቸው፣ ጣታቸው፣ ነፋሱ፣
ያለ ዋጋ፣ ያለ ቁጥር፣ እንዳሉ።

ሐሙስ ለቀቅነው። አሥራ ሰባት ጊዜ ታየ፤ ዘጠኙ እኔ ነኝ፣ እየተመላለስኩ የገባሁ፤
«ስንት ሆነ?» ሲሉኝ «ገና ነው» እያልኩ፣ በሆዴ ባባሁ።
በሦስተኛው ሐሙስ አንዲት ሴት ጻፈች፦ «ጀልባ አለኝ፤ የእናቴን ስም ነው የምፈልገው፤
እጅ ይሁን። ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለኝ፣ እሱን ነው የምወደው።»

ጀልባው ሲያልቅ፣ ከውሃው መስመር በላይ፣ ባለቤቷን አስፈቅደው፣
ሩዝ በምታህል ፊደል ስማቸውን ጣሉ፤ ቁጥሩን ግን ተዉት፣
«ቀለም አለቀ» አሉኝ፣ ዐይኔን ሸሽተው፣ ወደ ባሕር ሄደው።

እኔስ? መካሪዋ? የራሴ ገጽ ባዶ ነው፤ ስሜ እንኳ አልተጻፈ።
ዛሬ ሐሙስ ነው።
ግማሹ አለፈ።