የእንግዳ መዝገብ

ማኅተሙን ከስሟ ስር፣ እኔ ነኝ የመታሁት፤
በመስኮት ቁጥር አራት፣ ቅጹን ያስሞላሁት።

ከሆጤ ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣
ወይዘሮ ሉባባ
ሁለት ክፍል በአዳር፣ ታከራይ ነበር።
አንደኛው የልጇ፣ ኮምቦልቻ ያስቀረው፣
የፋብሪካ ሌሊት፣ በፈረቃ ያሰረው፤
ሌላው የሟች ባሏ፣ ራዲዮው ብቻ የቀረው።

የሚመጣው ማን ነው? ጎብኚማ አይደለም፤
ሆስፒታል ሰው ያስተኛ፣ ፌስታሉን ያቀፈ፣
ከዚያ ሌላ የለም።

«ቤቱን በአዳር ሂሳብ፣ የሚያከራይ ሁሉ
ፈቃድ ያውጣ» አለ፣ ደንቡ ከነቃሉ፦
የካርታ ቅጂና፣ ሦስት ጉርድ ፎቶ፣
እሳት ማጥፊያ ቀዩ፣ ግድግዳ ላይ ወጥቶ፣
መዝገብም በአምድ ተሰምሮ፦ ስም፣ መታወቂያ፣
የመጣበት፣ የሚሄድበት፣ የከፈለው።
ያለ መታወቂያ ማከራየት አይቻልም።
ይህ በደማቁ ነው የተጻፈው።

አልተሟገተችም።
በግ ሸጠች፣ ሰኞ ገበያ፣ ለእሳት ማጥፊያው፤
ሻሽ ተዋሰች፣ ከጎረቤት፣ ለፎቶው።
አንድ ብቻ ጠየቀችኝ፣ ፈርማ ስትነሣ፦
«‹የሚሄድበት› ያልኸው አምድ፣
ሰውዬው ካላወቀው፣ ምን ብዬ ልሙላው?»
«ሰረዝ» አልኋት።

ወር ሞላ። ጦሳ ጉሙን፣ እስከ ወገቡ አገልድሞ፣
ለቁጥጥር ወጣሁ፣ ዳገቱ ትንፋሼን ለቅሞ።
መዝገቡን ገለጥሁ።

እንድሪስ፣ ከወገልጤና። መታወቂያ፦ ሰረዝ። ክፍያ፦ ዘመድ።
አስረሴ ከነልጇ፣ ከወረኢሉ። ሰረዝ። ዘመድ።
ሀሊማ፣ ከጭፍራ። አማርኛ አትችልም። ዘመድ።

መታወቂያ ያለው ከፍሏል፤
የሌለው ዘመድ ሆኗል።

«ዘመድ በዛብዎ፣ በአንድ ወር አሥራ ሰባት!
የጭፍራዋ ሀሊማ፣ በማን በኩል ናት?
በእናት ነው በአባት?»
«በዝናቡ በኩል» አለችኝ፣
ራዲዮውን እየወለወለች።

ደንቡን አገላበጥሁ፣ ከአንቀጽ አንድ እስከ ሃያ፤
ዘመድ ማለት ማን እንደሆነ፣ የለበትም መለያ።
እኛ ቤትን በካርታ፣ በቁጥር እንቆጥራለን፤
አገሩ ግን ዘመዱን
በቤት ነው የሚቆጥር፣ እስከ ሰባት ቤት፤
ሰባተኛው ቤት የት ላይ እንደሚያልቅ
የትኛውም አባሪ ላይ አልተሣለም።

ማኅተሙን አወጣሁ። ቀለሙ ደክሞ ነበር፣
ሁለቴ መታሁት።
ስወጣ፣ ከእሳት ማጥፊያው አንገት ላይ
የሕፃን ካልሲ፣ አንድ እግር ብቻ፣
ውሃው ጠብ ይል ነበር።